ደንበኞች ሪፖርታችሁን መክፈት በድንገት ሲያቆሙ፦ ምክንያቱን የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

የገበያ ትንተና ለደንበኞች በሚልክ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሪፖርቱ እንደወትሮው ወጣ። ተንታኙ ያው፣ ቀኑም ያው። የከፈተው ሰው ቁጥር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በግማሽ ቀነሰ። ወዲያው ስብሰባ ይጠራል፣ ጣት በተንታኙ ላይ ይቀሰራል። ርዕሱ ይቀየር፣ ጽሑፉ ይጠር፣ ግራፍ ይጨመር ይባላል።

ምክሬ አንድ ነው። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ንኩት። የጽሑፍ ጥራት በአንድ ሳምንት አይበላሽም፣ የአንባቢ ልማድም በአንድ ጀምበር አይለወጥም። ይዘቱ ሲሰለች ቁጥሩ ወራት ወስዶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ባንድ ጊዜ ቁርጥ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከቆጠራው፣ ከመላኪያው ወይም ከአንድ ትልቅ ደንበኛ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ለምን ቀሩ?» ከማለታችሁ በፊት «የቀረው ማነው? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተሰደረው በዚህ ሐሳብ ነው። ርካሹና ፈጣኑ ምርመራ ይቀድማል።

አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ለባለሀብቶችና ለተቋማት ሪፖርት የሚያዘጋጁ ሰዎች እየበዙ ነው። መመሪያው ለእነሱም ለንደን ወይም ዱባይ ላሉ ደንበኞች ለሚልኩም ይሆናል።

1. በትክክል የወረደው የቱ ቁጥር ነው?

«ተሳትፎ ወርዷል» የሚለው አባባል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አራት ቁጥሮችን ለየብቻ አውጡ፦ ስንት ተላከ፣ ስንት ደረሰ፣ ስንት ሰው ከፈተ፣ ስንት ሰው ሊንኩን ተጭኖ ሪፖርቱን አወረደ። አምስተኛ ካላችሁ ደግሞ መልስ የጻፈና የደወለ ሰው ቁጥር ነው። ከሁሉም የሚታመነው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ማሽን ደውሎ ጥያቄ አይጠይቅም።

ከዚያ አካፋዩን ተመልከቱ። ባለፈው ወር በሳምንት ሦስት ሪፖርት ትልኩ ከነበረና አሁን ስምንት የምትልኩ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሪፖርት የሚደርሰው አንባቢ መቀነሱ አይቀርም። ሰው ለንባብ ያለው ጊዜ አልጨመረም። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ቢያንስ አንድ ሪፖርት የከፈቱ ደንበኞች ስንት ናቸው?» የሚለውን ቁጥር አስሉ። እሱ ካልወረደ ደንበኛ አልጠፋባችሁም፤ ምርቱን አብዝታችኋል። ይህ ሌላ ውይይት ነው።

የዝርዝራችሁን መጠንም አትርሱ። 60 ደንበኞች ካሏችሁና በተለምዶ ግማሹ የሚከፍት ከሆነ፣ አንድ ሳምንት ከ30 ወደ 24 መውረድ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። ሦስት ተከታታይ ሪፖርት ላይ ከታየ ግን ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. ቆጣሪው ራሱ አልተቀየረም ወይ?

«ተከፈተ» የሚለው ቁጥር የሚመጣው በኢሜይሉ ውስጥ ከተደበቀች አንዲት ትንሽ ምስል ነው። ምስሏ ከሰርቨር ስትጫን ሲስተሙ «ሰውየው ከፈተ» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ይሳሳታል።

አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 (የአይፎን ማስኬጃ ሶፍትዌር) ጋር የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ አወጣ። ይህን ያበራ ሰው መልእክቱን ባያየውም እንኳ አፕል ምስሎቹን አስቀድሞ ያወርዳቸዋል። ያላነበበ ሰው አንባቢ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ኢሜይል የምትልኩበት ሲስተም አንድ ቀን እነዚህን ሐሰተኛ ክፍቶች ማጣራት ቢጀምር፣ ቁጥራችሁ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። የጠፋ አንባቢ ግን የለም። ክሊክም እንዲሁ ነው። የትልልቅ ተቋማት የደህንነት ሲስተሞች ሊንኩ አደገኛ እንደሆነ ለማየት ራሳቸው ይጫኑታል። ሪፖርቱ በወጣ በሰከንዶች ውስጥ ከአንድ ተቋም ሁሉም ሊንኮች ከተጫኑ ሰው አይደለም። በተቃራኒው አውትሉክ ብዙ ጊዜ ምስል በራሱ እንዳይጫን ስለሚከለክል፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ደንበኛ «አልከፈተም» ሊባል ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የጂሜይል ገደብ ነው። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ የበለጠ ኢሜይል ሲመጣለት ከታች ቆርጦ ያስቀረዋል። ቆጣሪዋ ምስል ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ አብራ ትቆረጣለች። ሰው እያነበበ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። እዚህ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ኮምፒዩተር ፊደልን በሚመዘግብበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በዚያ ላይ ከዎርድ ቀጥታ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ሠንጠረዥ የማይታይ ብዙ ኮድ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ገደቡ ሳይታሰብ ይታለፋል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሪፖርቱን ወደ ራሳችሁ ጂሜይል ላኩና ወደ ታች ውረዱ። ሙሉውን መልእክት እንድትከፍቱ የሚጠይቅ ሊንክ ካገኛችሁ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

በመጨረሻም የመላኪያ መንገዱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሊንክ ትልኩ የነበራችሁ ሰዎች ፒዲኤፉን አያይዛችሁ መላክ ከጀመራችሁ ንባቡ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ፒዲኤፉን አውርዶ ለባልደረቦቹ በቴሌግራም ያስተላልፋል። የቴሌግራም ቻናል የእይታ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈውን ቅጂ እይታም ይጨምራል፤ ማን እንዳየው ግን አይነግራችሁም። ኢሜይሉ ሲወርድ ቻናሉ ከወጣ አንባቢው መንገድ ቀይሯል። ብሉምበርግን በመሰሉ መድረኮች ላይ ሪፖርት የሚያስጭኑም ይህንኑ ያረጋግጡ።

3. የቀሩትን በዶሜይን ደርድሯቸው

ጊዜ የሌለው ሰው ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መሥራት ካለበት ይህን ይሥራ። ኤክሴል ክፈቱ። አንዱ ዓምድ ላይ የደንበኛውን ኢሜይል፣ ቀጥሎ ከ@ በኋላ ያለውን ዶሜይን፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ከመውረዱ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደከፈተ፣ ቀጥሎ ከወረደ በኋላ ስንት ጊዜ እንደከፈተ፣ መጨረሻ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተበትን ቀን አስገቡ። ከዚያ በልዩነቱ ደርድሩት።

ምሳሌ ልስጥ። ሪፖርቱ በ40 ተቋማት ውስጥ ላሉ 240 ሰዎች ይላካል እንበል። በተለምዶ 120 ሰው ይከፍት ነበር፣ አሁን 84 ሆነ። የጎደሉት 36 ናቸው፤ ስብሰባ ላይ «30 በመቶ ወደቅን» ተብሎ ይነገራል። በዶሜይን ስትደረድሩት ግን ከ36ቱ 22ቱ የአንድ ባንክ ሠራተኞች ሆነው ይገኛሉ። ሁሉም ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት በአንድ ሳምንት ነው። ዘጠኙ የጂሜይል አድራሻ ያላቸው ግለሰቦች ናቸው። የቀሩት አምስቱ እዚህም እዚያም የተበተኑ። አሁን አንድ ትልቅ ችግር፣ አንድ አነስተኛ ችግርና ተራ መዋዠቅ ይታያችኋል። «አንባቢ ሰለቸን» የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም።

ሠንጠረዡ የሚያሳየው መልክ ምክንያቱን ይጠቁማል። አንድ ተቋም ባንድ ቀን ዜሮ ከገባ የእነሱ ማጣሪያ አግዷችኋል፣ ወይም ውላቸው ተቋርጧል። ጂሜይሎች ብቻ ከወረዱ ወደ ቁጥር 4 ሂዱ። ሰዎች አንድ በአንድ በተለያየ ቀን ከጠፉ ሥራ ቀይረው ሊሆን ይችላል። ሁሉም ተቋም ላይ እኩል ትንሽ ትንሽ ከወረደ የቀን መቁጠሪያውን እዩ። ነባሮቹ ጸንተው አዳዲሶቹ ብቻ ከቀሩ ደግሞ መነሻ ያደረጋችሁት ቁጥር ራሱ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው እኛ አገር በደንብ ይታያል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ የምንዛሪ ጉዳይ ከፍተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ በየቀኑ ይከታተሉ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር ለሽያጭ ሲቀርብም ብዙ ሰው ስለ አክሲዮን መጠየቅ ጀመረ። እንዲህ ያለ አንባቢ የመጣው ለአንድ ጥያቄ ነው። መልሱን ሲያገኝ ይሄዳል። ከግርግሩ ወር ጋር ሳይሆን ከግርግሩ በፊት ከነበረው ወር ጋር አወዳድሩ። ከዚያ ከፍ ካለ አትርፋችኋል።

4. ኢሜይሉ ገቢ ሳጥኑ ጋ ደርሷል?

«ደረሰ» የሚለው ሪፖርት የሚናገረው የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን መቀበሉን ብቻ ነው። ከዚያ ስፓም (የማይፈለግ መልእክት ማከማቻ) ውስጥ ይጣለው፣ ኳራንቲን ያድርገው (ለምርመራ ለይቶ ይያዘው) አታውቁም።

ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪዎችን መስፈርት አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የሚባሉትን፣ ኢሜይሉ በእርግጥ ከላኪው መምጣቱን የሚያሳዩ ሦስት ማረጋገጫዎች ማሟላት፣ በአንድ ክሊክ ከዝርዝር መውጫ ማስቀመጥ፣ «ስፓም ነው» የሚል ቅሬታንም ከ0.3 በመቶ በታች መያዝ አለበት። ከዚያ ያነሰ የሚልክም ቢሆን ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኬአይኤም ያስፈልገዋል። ማይክሮሶፍት በሜይ 2025 ለአውትሉክ ዶት ኮምና ለሆትሜይል ተመሳሳይ መስፈርት አምጥቷል።

ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ሪፖርቱን በጂሜይል ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምረጡ። ከላይ ሦስቱ ማረጋገጫዎች ከነውጤታቸው ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። አንዱ ካላለፈ ወደ አይቲ ክፍል ሂዱና «ባለፈው ወር ምን ተቀየረ?» በሉ። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪ ተቀይሮ የዲኬአይኤም ቁልፉ ተረስቶ ይሆናል። ወይም ሌላ ክፍል አዲስ ሲስተም ሲያስገባ ኤስፒኤፍ ላይ ተጨምሮ ይሆናል። ኤስፒኤፍ ከአሥር በላይ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት አድራሻ ማውጫ) ፍለጋ አይፈቅድም፤ አሥራ አንደኛው ሲገባ ማረጋገጫው ይወድቃል። የሰው ሀብት ክፍል የገዛው ሶፍትዌር የእናንተን ሪፖርት ስፓም ውስጥ ሊከተው ይችላል ማለት ነው።

ሳይደርሱ ተመልሰው የመጡ መልእክቶችንም አንብቡ። 550 5.1.1 የሚል ኮድ አድራሻው የለም ማለት ነው። 550 5.7.26 የሚለው ከጂሜይል ከመጣ ማረጋገጫ አላለፋችሁም። በ421 የሚጀምር ለጊዜው ነው፤ ቆይቶ ያልፋል። ብዙ የመላኪያ ሲስተሞች አንዴ የተመለሰን አድራሻ ሳይነግሯችሁ ከዝርዝር ያወጡታል። የአንድ ተቋም ሰርቨር ለአንድ ሰዓት ቢታመም 22ቱም ሠራተኞች በዚያው ሊወጡ ይችላሉ። የታገዱ አድራሻዎችን ዝርዝር ፈልጋችሁ ቁጥር 3 ላይ ከሠራችሁት ጋር አስተያዩት።

5. የቀን መቁጠሪያና የሰዓት ነገር

በዓላትን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሚረሳው መንቀሳቀሳቸው ነው። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12። ሚያዝያ አጋማሽን ካምናው ሚያዝያ አጋማሽ ጋር ያወዳደረ ሰው የፋሲካን ሳምንት ከተራ የሥራ ሳምንት ጋር ማወዳደሩ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የባንክ ሰው ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ኦገስት ላይ አውሮፓ ዕረፍት ላይ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥት ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሳምንት ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዙሮ ዓርብን ግማሽ ቀን አድርጓል፤ ሳዑዲ ግን አሁንም ዓርብና ቅዳሜ ያርፋል። ለሁለቱም «ባሕረ ሰላጤ» በሚል አንድ ዝርዝር የምትልኩ ከሆነ ለዩዋቸው።

ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ይሸውዳል። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ ይቀይራሉ። ሪፖርቱ ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር 10:00) ይወጣል እንበል። ክረምታቸው ላይ ለንደን የሚደርሰው 7:00 ነው። ነጋዴው ቡናውን ይዞ ያነባል። የለንደን ገበያ የሚከፈተው 8:00 ስለሆነ ጊዜ አለው። በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ግን ያው ሪፖርት የሚደርሰው ልክ 8:00 ላይ፣ ገበያው ሲከፈት ነው። ማንም አያነበውም። እናንተ ጋ ምንም አልተቀየረም፤ ሪፖርቱ ግን በእነሱ ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይቷል። አሜሪካ የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፣ ስለዚህ የኒውዮርክና የለንደን ቁጥር በተለያየ ሳምንት ይወርዳል። የወረደበት ቀን ከእነዚህ እሑዶች አንዱን የተከተለ ሰኞ ከሆነ፣ የመላኪያውን ሰዓት አስተካክሉና ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

6. ደንበኛው ቤት ምን ተፈጠረ?

ሰው ፍላጎቱ ሳይቀንስ በጀቱ ሊቀንስ ይችላል። ትልቁ ምሳሌ አውሮፓ ነው። ሚፊድ ሁለት የሚባለው ሕግ ጃንዋሪ 3፣ 2018 ሥራ ላይ ሲውል የሰውን ገንዘብ በኢንቨስትመንት የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ለጥናት የሚከፍሉትን ከግብይት ኮሚሽን ለይተው እንዲከፍሉ ተገደዱ። ብዙዎቹ ከራሳቸው ኪስ መክፈል ሲጀምሩ የሚቀበሏቸውን አቅራቢዎች ዝርዝር አሳጠሩ። ከዝርዝሩ የወጣ ድርጅት ሪፖርት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መነበቡ ቆመ። ብሪታንያ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ መክፈልን መልሳ ፈቅዳለች።

ስለዚህ አንድ ተቋም ባንድ ቀን ሲጠፋ፣ በተለይ ጃንዋሪ ወይም የሩብ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሆነ፣ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ውሉን ተመልከቱ። የሚያነቡላችሁን የፖርትፎሊዮ ማናጀሮች ስምም በሊንክድኢን ፈልጉ። አንድ ሰው ሥራ ሲቀይር የቡድኑ ልማድ አብሮ ሊቀየር ይችላል። አዲሱን አድራሻውን ማግኘት ደግሞ አዲስ ደንበኛ ማግኘት ነው።

7. ስልክ አንሱ

እስካሁን ያለው ሁሉ ቢበዛ ሁለት ቀን ይፈጃል። አሁን ከሠንጠረዡ አናት ላይ ካሉት ስምንት አሥር ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ኢሜይል አትላኩላቸው፤ የማይከፍቱት እሱን ነው።

«ለምን ማንበብ አቆሙ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰውን ያሳፍራል፣ የሚመጣው መልስም የይሉኝታ ነው፦ «ኧረ እያነበብኩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው።» እንዲህ ሞክሩት፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከምርምር ክፍል ነው የምደውለው። የሰኞው ሪፖርት ለአንዳንድ ደንበኞች አልደረሰም የሚል ጥርጣሬ ስላለን እያጣራን ነው። ኮምፒዩተርዎ ፊት ካሉ፣ እባክዎ ስማችንን ኢሜይልዎ ላይ ፈልገው ያዩልኛል?» ከዚያ ዝም በሉና ጠብቁ። ወይ «የመጨረሻው የመጣልኝ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው» ይላሉ፣ ወይ «ጀንክ ውስጥ ነው ያለው»፣ ወይ «አለ፣ አልከፈትኩትም»። ሦስቱም ንጹሕ ማስረጃ ናቸው። «አልከፈትኩትም» ካሉ ብቻ ቀጥሉ፦ «ባለፈው ወር ሥራ ላይ የጠቀመዎት የማንኛውም ድርጅት ሪፖርት የትኛው ነበር?» ይህ ጥያቄ ስለ እናንተ ስላልሆነ እውነቱን ያመጣል።

8. ጽሑፉ፣ አሁን

እዚህ ድረስ ምክንያቱ ካልተገኘ ይዘቱን እንመርምር። ያለፉትን 30 ሪፖርቶች በዓይነት ለዩ፦ ትንበያ ወይም ምክር የተቀየረበት፣ የድርጅት ውጤት፣ አዲስ ድርጅት የተጠናበት፣ ሳምንታዊ ማጠቃለያ። ለእያንዳንዱ ዓይነት የአንባቢውን ቁጥር አስቀምጡ። ትንበያ የተቀየረባቸው እንደተነበቡ ሆነው ማጠቃለያዎቹ ብቻ ከወደቁ፣ ደንበኛው አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ እየመጣ ነው። የተንታኝ ስምም ጨምሩበት። የአንዱ ተንታኝ አንባቢ እሱ ሲለቅ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ተከፍቶ ክሊክ ከሌለ ኢሜይሉ ላይ ያለው ማጠቃለያ በቂ ሆኖላቸው ይሆናል፣ ይህም ክፋት የለውም።

9. ማስተካከያና መዝገብ

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሩ። ርዕሱን፣ ሰዓቱንና ዲዛይኑን ባንድ ሳምንት ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ መቼም አታውቁም። ቴክኒካዊው ጉዳይ ከተስተካከለ በኋላ ቁጥሩ በሁለት ወይም ሦስት ሪፖርት ውስጥ መመለስ መጀመር አለበት። ስፓም ውስጥ መግባት የለመደ ላኪ ግን ስሙን ለመጠገን ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ዘወትር ለሚከፍቱት ብቻ ላኩ፣ ዝርዝሩን ቀስ እያላችሁ አስፉ።

ለኃላፊው የምትጽፉት ከአንድ ገጽ አይበልጥ። የትኛው ቁጥር፣ ከየትኛው ቀን፣ ከየትኞቹ ተቋማት፣ በምን ማስረጃ፣ ምን ተስተካከለ፣ ምን ገና አልታወቀም። የጎደሉትን ሰዎች ቁጥር ከመቶኛው ፊት አስቀድሙ። «30 በመቶ» ሲባል ሁሉም ይደነግጣል፤ «ከአንድ ባንክ 22 ሰው» ሲባል ግን ማን መደወል እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል።

አንድ የጋራ ፋይልም ክፈቱ። ዓምዶቹ ሁለት ብቻ፦ ቀንና የተቀየረ ነገር። አዲስ የኢሜይል አብነት፣ አዲስ ሲስተም፣ የለቀቀ ተንታኝ፣ የተቋረጠ ውል፣ በዓል፣ ትልቅ ዜና፣ የኢንተርኔት መቋረጥ። አይቲም ሽያጭም ይጻፉበት። ቁጥሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወርድ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።